የመቻል ዓይኖች በጠርሙስ ስለመገኘታቸው

የምስክር ስም፦ አቶ ሽኩር ከሊፋ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ
አድራሻ፦ ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ አጠገብ
ቃል የተሰጠበት፦ ኅዳር 9 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው፣ ተከራዬ የሆኑት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ተክለማርያም በጥንቆላ ተጠርጥረው መያዛቸውን ሰምቼ፣ ማንም ሳይጠራኝ መጥቼ የምስክርነት ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ።

ዶክተሩ መቻል የሚባል ውሻ ነበራቸው። ሁለት ወንድሞቹ ዓይናቸው ጠፍቶ ሞተዋል፤ እሱም ዓመት ተኩል ሲሞላው አጥር እየገጨ መሄድ ጀመረ። ሰፈሩ «ቡዳ በላው» አለ። ዶክተሩ ግን «ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው በሽታ ነው። ሰውነቱ ያገለገለ ቅባት ጠርጎ ማውጣት ስለማይችል ዓይኑ ውስጥ ይከማቻል» ይሉ ነበር። ያልተጠረገ መጋዘን ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ።

ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ውሻው ሞተ። ዶክተሩ በሽታውን ሊያጠኑ ዓይኖቹን አውጥተው በጠርሙስ አስቀመጡ። ከዓይኑ የውስጥ መጋረጃ ቅንጣት ቆርጠው ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጉና ሐምራዊ መብራት አብርተው «አቶ ሽኩር፣ ይምጡ ይዩ» አሉኝ። አየሁ። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች መስኮት በሙሉ አንድ የውሻ ዓይን ውስጥ ገብቷል፤ የተከማቸው ቅባት ቢጫ ፍሬ በቢጫ ፍሬ ላይ ሆኖ ያበራል። ሠላሳ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያለ ዕቃ አላየሁም። «ሱብሐነላህ» ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያም ውሻውን ሲቀብሩ ሳግዝ እርጥበቱ ስለነካኝ፣ ሃይማኖቴ እንደሚያዘው እጄን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ታጠብኩ። በቅርቡ ከጎጃም የመጡት ጎረቤታችን ወይዘሮ አልማዜ ይህን ሁሉ በአጥር ቀዳዳ ያያሉ። ዓይን በጠርሙስ፣ ሐምራዊ መብራት፣ አፈር እያሸ የሚቆጥር ጢማም ሰው፤ በእውነቱ እኔም ብሆን እጮህ ነበር።

በእሳቸው ጩኸት የመጣው ፖሊስ ዶክተሩን፣ ጠርሙሱንና ማይክሮስኮፑን ከነመብራቱ ከነቅንጣቱ ያዘ። ጠርሙሱ ጣቢያው መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። እስከ ማታ በረዶ ካላገኘ ቅባቱ ተበላሽቶ የዶክተሩ የሁለት ዓመት ልፋት ከንቱ ይቀራል፤ የዚህ ዘር ሌላ ውሻ የላቸውም። ስለዚህ የጣቢያውን አሥር አለቃ «ጥንቆላ ከሆነ እርስዎም ይዩት» አልኳቸው። «መንግሥት ጥንቆላ አያይም!» አሉ። ቆይተው ግን ክፍሉ እንዲጨልም ካፖርታቸውን መስኮቱ ላይ ሰቅለው፣ ዶክተሩን ከእስር ክፍሉ አስወጥተው መብራቱን እንዲያበሩ አዘዟቸው። አዩ። ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ከሳሿን አስጠሩ።

ወይዘሮ አልማዜ አማትበው ዓይናቸውን አስጠጉ፤ ለረጅም ጊዜም ቀና አላሉም። «እመ ብርሃን! ይህን ሁሉ ተሸክሞ ደጄ ላይ ሲደናበር ነው እንጨት ስወረውርበት የኖርኩት?» አሉ። በረዶውን ከማዞሪያው ቡና ቤት በነጠላቸው ቋጥረው እየሮጡ ያመጡት እሳቸው ናቸው።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ባየሁት ላይ ሳልጨምር ከተደነቅሁትም ሳልቀንስ የሰጠሁት እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

ምስክር፦ ሽኩር ከሊፋ፣ ፊርማ
እማኝ፣ ክሷን የተወች፦ አልማዜ ሀብተማርያም፣ የአውራ ጣት አሻራ
ቃሉን የተቀበልኩ፦ አሥር አለቃ ቱሉ ገሜዳ፣ ፊርማ። ተጠርጣሪው ጠርሙሳቸውን ይዘው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተለቀዋል።