ለአውሮፕላን ብድግ ያሉት መምሬ

የኔ ሱስ አውሮፕላን ሲያርፍ ፎቶ ማንሳት ነው። ከሞጣ የመጡትን አጎቴን፣ መምሬን፣ ቦሌ ማረፊያው አጠገብ ካለች ጉብታ ይዣቸው ወጣሁ። ባለ ሁለት ፎቁን አውሮፕላን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ብቅ ሲልልኝ ካሜራዬን ደገንኩ። ልጫን ስል መምሬ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊቴ ተገተሩ።

«ኧረ መምሬ፣ ይቀመጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ይህ ሁሉ እንግዳ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ልቀበል?» አሉና እጅ ነሱ።

አውሮፕላኑ አረፈ፤ ካሜራዬ ውስጥ የቀረው ጥምጣማቸው ብቻ ነው። በገንኩ፤ ለቄስ ምን ይባላል? እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ወደ ሞጣ ሲመለሱ ቢቸና እኛ ቤት ጎራ ብለው ኖሮ እናቴ ደወለች።

«አንተ! ያ ሁሉ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫህ ንቅንቅ አላልክም አሉ። እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ?»