ባለቤት ያጣ ወጪ

ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደ ሰንበቴ ቤት ሲገባ፣ ሥራነሽ በቤተ ክርስቲያኑ በር የምትሸጠውን ጧፍ ሰብስባ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ሌላ ጊዜ በማትደፍረው ቦታ፣ ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ጎን ዘፍ አለች። ደብረ ማርቆስ ባለው በዚህ ሰንበቴ ቤት የሴቱና የወንዱ አግዳሚ ጀርባ ለጀርባ ነው። ከወይዘሮዋ ጀርባ ባለቤታቸው አቶ ዓለምነው ተቀምጠዋል፤ የሰንበቴው ሙሴ፣ ሰብሳቢው፣ ናቸውና ከቄስ ኪዳነ ማርያም ቀጥሎ ያለው ቦታ የሳቸው ነው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ ዳቦው ለሁሉም መድረሱን በዓይናቸው ይቆጣጠራሉ።

ሥራነሽ ቦታዋን መርጣ ነው የተቀመጠችው። የእህቷን ልጅ የኔአለምን ከሮብ ገበያ ገጠር አምጥታ እነዚህ ባልና ሚስት ቤት ያስገባቻት፣ ተያዥ ሆና የፈረመችላትም እሷ ናት። ልጅቱ ቀን እየሠራች ማታ ትማር ነበር። ባለፈው ሰሞን ወይዘሮዋ ከባንክ ስቴትመንት ቢያሳትሙ፣ ከማያውቁት የኦንላይን ሱቅ ደጋግሞ ዕቃ መገዛቱን አዩ። ባልየው «የስልኬን የምስጢር ቁጥር ከኔ ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት» አሉ፤ የኔአለም ሌባ ተብላ በጎረቤት ፊት ወጣች። እያለቀሰች የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ግዝት አለብኝ፤ አልናገርም።» ለአክስቷም አልነገረቻትም። አክስቷ ግን ዓይንም ጆሮም አላት። ችግሩ፣ በሙሴው ላይ የጧፍ ሻጭን ቃል ማን ይሰማል? ስለዚህ ጥርሷን ፈገግ አድርጋ ጀመረች።

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ ደኅና ነው? ይመስገን። የዘንድሮው ብርድስ አይጣል ነው! ከቾቄ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ቆርጦ ሊሄድ ምንም አልቀረው። እኔማ የማዝነው ለወንዶቹ ነው። እኛ ነጠላችንን እንከናነባለን፤ እነሱ ግቢውን ሲረግጡ ባርኔጣ ማውለቅ አለባቸው። መላጣ ሰው እንዴት ይችለዋል?... ፀጉር ያለውስ ግድ የለም፣ ይሞቀዋል።

«እኔ የምለው እትዬ፣ ያ የባንኩ ነገር እንዴት ሆነ? ዝም አሉኝሳ... እንግዲያው አልታወቀም ማለት ነው። አይ ጉድ! ባንክ ድረስ ስንቴ ተመላለሱ፣ እግርዎ አለቀ እኮ። እኔ መቼም ፊደል አልቆጠርኩም፣ ስለዚህ ነገር ምን አውቃለሁ? ወረቀቱ የሱቁን ስም ይናገራል እንጂ የተገዛውን ነገር አይናገርም አሉኝ። ማን ነበር ስሙ... ሊሊ የውበት ዕቃዎች? ሲያምር! ውበት የምትገዛ ደግሞ ማን ናት? ልጃገረድ ናት። በቃ፣ አለቀ። ምስክር አልተጠራ፣ ቀጠሮ አልተሰጠ፣ ምሳ ሳይደርስ ተፈረደ። እንዲህ ያለ ፈጣን ዳኛ ያለው ቤት የታደለ ነው።

«እኔ ግን ሞኝ ነኝና አንድ ነገር አልገባኝ አለ። ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ውበት ገዝታ የት አደረገችው? ስትወጣ ፌስታሏን እርስዎ ራስዎ ፈትሸዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከልብዎ ነው የፈተሹት፣ የቀሚሷን ጠርዝ ሳይቀር ገልብጠው ነው ያዩት። ደብተርና ልብስ ነው የተገኘ። ፊቷም ያው ያመጣችው ፊት ነው፣ ብርድ የሰነጠቀው። ታዲያ ውበቱ ወዴት ሄደ? ወጪው እናንተ ቤት ነው፤ ውበቱም ከዚያው ቤት ብዙ አይርቅም እላለሁ በሞኝ ልቤ... ደግሞ እኮ የባንክ ሰው እንደዚህ አለኝ፤ ‹የሱቁ ስልክ ቴሌግራም ላይ አለ፤ ደውሎ ዕቃው በማን ስም ተላከ ብሎ መጠየቅ ነው፣ በደቂቃ ይናገራሉ።› እኔ ግን ለእትዬ ይሄን አልነግራቸውም አልኩ። ለምን ላድክማቸው? ሌባዋ ተይዛ የለ?»

ከኋላቸው የአቶ ዓለምነው ድምፅ ከቄሱ ጋር የጀመረውን ወሬ መሐል ላይ ተወው። ሥራነሽ ሰምታለች፤ አልዞረችም። ከፊቷ ካለው ቆሎ ዘገን አድርጋ አንድ አንዱን እየቆረጠመች ቀጠለች።

«ይልቅስ ይሄ የእናንተ ነገር ይጁቤ ከተማ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው አስታወሰኝ። እርስዎ አያውቋቸውም፤ ከየት ያውቋቸዋል? ሲያዩዋቸው የተከበሩ፣ በልጅነታቸው ዲያቆን የነበሩ፣ ጉባኤ ላይ ሲናገሩ ሰው ዝም የሚልላቸው ናቸው። አናታቸው ላይ ፀጉር ካየን ግን ስንት ዘመናችን! ቅዳሴ ቆመው መብራቱ ሲያርፍባቸው ቤተ ክርስቲያኑ ቦግ ይላል። እኔ እንኳ በር ላይ ተቀምጬ ጧፍ ስሸጥ አፍር ነበር፤ ይሄ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ቆሞ ሳለ የኔን ጧፍ ማን ይገዛል እያልኩ... ውይ፣ ይጁቤ ማለቴ ነው፣ የይጁቤዋን ጧፍ ሻጭ።

«እኚህ ሰው ታዲያ ከፋሲካ ወዲህ ፀጉር አበቀሉልዎ! ያውም ጥቁር! የተሞሸሩ ለት እንኳ ያልነበረ ፀጉር! ሰው ‹ምን አገኙ?› ሲላቸው ‹ደብረ ኤልያስ ጸበል ገብቼ ነው› ይላሉ። ሚስታቸው መቼም የዋህ ናት፣ ባሏን ታምናለች፤ ማመን ደግሞ ትልቅ ጸጋ ነው። ለምስጋና ጧፍ በእቅፍ ገዝታ አበራች። ለዚህ ተአምር ያላበራች ለምን ልታበራ ነው? እኔም እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንደው አንድ የመናኸሪያ ተሸካሚ አፌን አስያዘኝ። ‹ጸበል አይደለም እታለም፣ በስልክ የሚታዘዝ ቅባት ነው። ካርቶኑን ከአውቶቡስ ያወረድኩት እኔ ነኝ። በአንድ ወገን ላይ መላጣ ሰውዬ፣ በሌላው ወገን ያው ሰውዬ ፀጉሩን ሲያበጥር ተሥሎበታል› አለኝ። እግዚአብሔር በስንት መንገድ ይሠራል እትዬ! ድሮ በእግር ተኪዶ ነበር ተአምር የሚገኝ፤ አሁን አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ይመጣል።

«ቦርጫቸውም እኮ የለም። እንዲያ ያለ ቦርጭ፣ ከሰውዬው ቀድሞ በር የሚገባ ቦርጭ፣ ደብዛው ጠፋ። ለሆድ የሚታሰር ቀበቶ አለ አሉ፣ ከዚያው ከሱቁ። እኔማ ሲሰግዱ አይቼ፣ ሲጎነበሱ ማቃሰታቸውን፣ ሲነሡ ላብ በላብ መሆናቸውን አይቼ ‹ምን ያለ ንስሐ ነው!› ብዬ አልቅሻለሁ። ስልካቸውን ይዘው ጓሮ ሲመላለሱ ደግሞ ሰው ሁሉ ለሕዝብ ጉዳይ ነው የሚደክሙ ይል ነበር። አይ፣ ትልቅ ሰው እኮ ለራሱ ጊዜ የለውም።»

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ የያዙት ጽዋ ከንፈራቸው አጠገብ ደርሶ ቀረ። ዓይናቸው ሥራነሽ ላይ ነው፤ አእምሯቸው ግን መኝታ ቤታቸው ገብቶ፣ የማይከፈተውን የባላቸውን መሳቢያ እየነካካ ነው። ሥራነሽ ይህን ስታይ ደስ አላላትም። የሰው ትዳር ልታፈርስ አልመጣችም፤ የመጣችው ለአንዲት ልጅ ስም ነው። ቆሎውን አስቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ከኋላ ያለ ሰው ጆሮውን እንዲያቆም።

«ዕቃውን ከመናኸሪያ ማን ያመጣላቸው ነበር መሰለዎት? ቤታቸው የምትሠራ ልጅ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል በታቦት ገዘቷት። በታቦት እኮ ነው! ግዝት ለደም፣ ለድንበር፣ ለተጣላ ወንድማማች ይመስለኝ ነበር፤ ለፀጉርም ይሆናል ለካ። ልጅቱ ደግሞ የገጠር ልጅ ናት፣ ታቦት ትፈራለች። ወጪው በባንክ ወረቀት ላይ ሲገኝ፣ ሌባ ስትባል፣ ሰው ሲሰበሰብባት፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። የገዘቷትም ሰው እዚያው ቆመዋል። ምን አሉ ይመስልዎታል?... ምንም! እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! እኔ ብሆን ‹ኧረ ልጅቷን ተዉአት፣ የገዛሁስ እኔ ነኝ› ብዬ ያልታዘዝኩትን እዘከዝክ ነበር። እሳቸው ግን ቻሉት። የልጅ እንባ በፊታቸው ሲወርድ እያዩ መቻል ለሁሉ ሰው የተሰጠ አይደለም።

«ደግሞ ምን ይላሉ፣ ምሕረትም አድርገውላታል። ‹ፖሊስ አልጠራም፣ የድሃ ልጅ ናት፣ እግዜር ይቅር ይበላት› አሏት አሉ። ሰው እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ራሱ ለገዛው ዕቃ ሌላ ሰው ይቅር የሚል ስንት አለ?

«የኔዪቱ እንኳ አትምሰልዎት... የኔዪቱ ሌባ ናት፣ ተፈርዶባታል፣ ምን እላለሁ? መምህር ደመላሽ ቤት ልትገባ ተስማምታ ነበር፤ ሰው ነገራቸውና ትቅርብን አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሌባ ማን ያስገባል? እኔም በሩ ላይ ስቀመጥ ጧፍ የሚገዛኝ ሁሉ መልሱን ደጋግሞ ይቆጥራል። ነገ በጧት ወደ ሮብ ገበያ ልትመለስ ዕቃዋን ሸክፋለች። ፈተናዋ ደርሶ ነበር፤ ቢቀርባት ምን ይሆናል? ድንች ለመኮትኮት ፈተና የለው። አባቷም ሰምቷል፤ ገበያ መሐል፣ በሰው ፊት ነው የነገሩት። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጣም አሉ። ይሁና፣ ቤቱ ቢቀመጥ ይሞቀዋል።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። የኔአለም አሁን በዚህ ሰዓት እሷ ቤት ፌስታሏን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች። ጧት «ሰንበቴ አብረን እንሂድ» ብትላት «ሰው ያየኛል» ብላ ቀረች። ያንን ስታስብ ሥራነሽ ፈገግታዋ እንዳይጠፋ ጉንጯን እስኪያማት ያዘችው።

«አባ ኪዳነ ማርያም ቅርብ ነበሩ፣ እጠይቃቸው ነበር፤ ግን በፀጉር ነገር እሳቸውን ማድከም ነውር ነው። ግዝት የገዘተው ሰው ራሱ ‹ፈትቼሻለሁ፣ ተናገሪ› ቢል አይበቃም እትዬ? አንዲት ቃል እኮ ናት። ሰው ሳይበተን፣ እንጀራ ሳይቀርብ፣ ተነሥቶ ‹ያ ወጪ የኔ ነው› ማለት ይቻላል። ማን ይስቅበታል? እኔ እንደሆን አልስቅም፤ ፀጉሩንም አመሰግንለታለሁ። ይሄን የምለው እንግዲህ ለይጁቤው ሰውዬ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሩቅ ናቸው፣ አይሰሙኝም...»

ቆም አለች። የሰንበቴ ቤቱ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደነሱ መልሷል። ቄስ ኪዳነ ማርያም አቶ ዓለምነውን ትኩር ብለው ያዩአቸዋል። ሥራነሽ ጠበቀች፤ እውነት ነው፣ ከልቧ ጠበቀች፤ ያቺ ቃል ብትወጣ ይቅር ለማለት ልቧ ዝግጁ ነበር። ከኋላዋ የተሰማው ግን ባርኔጣ ከጉልበት ላይ ተነሥቶ እንደገና ጉልበት ላይ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ጧፏን ይዛ ተነሣች።

«እንግዲህ ልሂድ እትዬ፣ ልጅቱን ብቻዋን ትቻት ነው የመጣሁ። ለመሆኑ ልጅዎ አርሴማ እንዴት ናት? ተመርቃ ሥራ አገኘች ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ። ሐዋሳ ነው አይደል የሄደች? ዘመድ በሌለበት፣ በሰው አገር፣ ሰው ቤት ተከራይታ... እናት ሆድዎ መቼም አይተኛም። አይዞዎት። ሳልመርቃት ብሄድ ደግ አይሆንም።»

ጧፉን በአንድ እጇ ይዛ ሌላውን ዘረጋች። ሰንበቴተኛውም ምርቃት ነውና እጁን ዘረጋ።

«አርሴማን አምላክ ይጠብቅልዎ። በወጣች በገባች ቁጥር ደግ ሰው ያጋጥማት። የምታድርበት ቤት ጌታ፣ የሚያሠራት አለቃ፣ አደራ የሚቀበላት ሰው ሁሉ፣ ጠባዩም ልቡም ልክ እንደ አባቷ ይሁንላት። የኔዪቱ እናንተ ቤት ያየችውን ደግነት እሷም በሄደችበት አንዱ ሳይጎድልባት ትየው። አሜን! አሜን!... ጌታዬ፣ እርስዎም ዞር ብለው አሜን ይበሉ እንጂ፤ ለልጅዎ እኮ ነው የመረቅሁ።»