ኦርቪልን ማን ጠራው?

የተከበርሽ ዳርላ፣ የኦርቪል ዱዴክ አንድያ ልጅ፤ አባ ካዚሚር፤ ከምሥራቅ ሰፈር የመጣችሁ ጎረቤቶቹ፤ እናንተም ፊታችሁን ዛሬ ገና ያየሁት፣ በቅጽል ስም ብቻ የማውቃችሁ የግሩፓችን ሰዎች፤ እንደምን ዋላችሁ። የኢሪ ሐይቅ ንፋስ አጥንት ድረስ በሚገባበት ቀን እዚህ መቃብሩ ዳር ስለቆማችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ሌስተር ብሬም እባላለሁ። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ግሩፑ ላይ "ሹፌሩ" ትሉኛላችሁ።

ንግግር ጽፌ መጥቼ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነው። ደህና ንግግር ነበር፣ ለስለስ ያለ። ግን እዚህ ስደርስ ያንን የአበባ ጉንጉን አየሁ። በላዩ የታሰረውን ጥብጣብ አነበብኩ። በቡድናችን በጀልበኞቹ ቀለም፣ በሰማያዊና በነጭ፣ "ኦርቪል፣ እዛው ውጭ ሁንልን" ይላል። ደሜ ፈላ። ስለዚህ የጻፍኩትን ትቼዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ፣ ዛሬ ተናድጃለሁ።

ማነው ያሰረው? ተዉት፣ እጃችሁን አታውጡ። ሁላችሁም አዋጥታችሁ ነው የገዛችሁት።

ጎረቤቶች ግራ እንደገባችሁ አያለሁ። እናንተ ጸጥተኛውን ኦርቪል ነው የምታውቁት፤ በረዷችሁን የሚጠርግላችሁን፣ የጠፋ ድመት የሚፈልግላችሁን። እኛ የምናውቀው ሌላውን ነው። ጀልበኞቹ ቤዝቦል በተጫወቱ ቁጥር እያንዳንዳችን በየቤታችን ቴሌቪዥን ከፍተን፣ ስልካችንን ይዘን ግሩፑ ላይ እንሰበሰባለን። እንሳደባለን። እንሳሳቃለን። አሰልጣኙን በየቀኑ እናባርራለን፣ በማግስቱ መልሰን እንቀጥረዋለን። ኦርቪል እዚያ "አሮጌ ጓንት" ነበር። እንደ እሱ የሚተርብ ሰው አልነበረም።

አንድ ሚያዝያ፣ ዓመቱን እንጃ፣ እየተመራን ነው። ኦርቪል "ሶሴጄን ላገላብጥ" ብሎ ጻፈና ሥጋ ወደሚጠብስበት በረንዳ ወጣ። እሱ እግሩን እንዳወጣ የኛ መቺ ኳሷን ከአጥር በላይ ሰደዳት! ተመልሶ ገባ። ወዲያው ነጥብ ገባብን። "ሦስተኛ ረድፍ" የምንለው ሰው፣ ክሊፍ ነው ስሙ፣ ያው እዚያ ቆሟል፣ ምን አለ?

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ውጣልን! ሶሴጅህን ይዘህ ውጣ!"

"በረደኝ እኮ!"

"ካፖርት የት ሄደ? ልበስና ውጣ!"

ወጣ። አሸነፍን። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። ነገር ሲበላሽ ኦርቪል በረንዳ ይወጣል። ሞባይሉን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቶ ነው የሚወጣው፤ አጮልቆ ካየ ዕድሉ ይበላሻል። ሬዲዮም የለም። ካልተጠራ አይመለስም። ታዲያ በምን ይጠራል? ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያ ባለገመዱ አሮጌ ስልክ አለ አይደል? ሲጮህ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው? ጨዋታው ሲያልቅ፣ ውጣ ያለው ሰው እሱ ላይ ይደውላል። የላከ ይጥራ፣ ይሄም ሕግ ነው። ኦርቪል ስልኩን አያነሳም። ጩኸቱን ሰምቶ ይገባና ግሩፑ ላይ "ገባሁ። ምን ሆንን?" ብሎ ይጽፋል።

ሳቁ፣ ሳቁ፣ ያስቃል። እኔም ስቄበታለሁ። እኔም ውጣ ብዬው አውቃለሁ። ኦርቪል ራሱ ከሁላችን በላይ ነበር የሚስቀው።

አሁን ደግሞ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሩት የሞተች ጊዜ ግሩፑን ተውኩት። ጨዋታም ተውኩ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ ድስት ሳልጥድ፣ ሰው ሳላናግር ተቀመጥኩ። "ሹፌሩ የት ጠፋ?" ያለ ነበር ወይ? ነበር፣ አንዴ። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ። አንድ እሁድ፣ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ የቤቴ ስልክ ጮኸ። ላነሳው ስል ተዘጋ። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ ተዘጋ። ይሄ የማን ቀልድ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ሦስተኛ ሲጮህ ገባኝ። ኦርቪል ነው። እየጠራኝ ነው። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ግሩፑን ከፍቼ "ገባሁ። ምን ሆንን?" ብዬ ጻፍኩ። "እየተዋረድን ነው፣ በሰዓቱ ደረስክ" አለኝ። ስለ ሩት አንድ ቃል አላነሳብኝም።

እኔን እንዲህ አድርጎ ጠራኝ። እሱን ማን ጠራው?

ስለዚያ ከሰዓት በኋላ እነግራችኋለሁ። እያንዳንዱን ቃል በቃሌ ይዤዋለሁ። እኔ የዚያን ቀን መሪ ይዤ ነበር፤ ማታ ነው ያነበብኩት። የውድድሩ ዘመን ከተጀመረ ገና ሳምንቱ ነው። በረዶ ሜዳው ላይ ብን ብን ይላል። ሰባተኛው ዙር ላይ አራት ለባዶ እየተመራን ነው።

ክሊፍ፣ "ይሄን ኳስ ወርዋሪ ከየት አመጡት? የኔ አያት ይሻላሉ፣ ያውም ሞተዋል" አለ።

ጌይል፣ እሷም የግሩፓችን ሰው ናት፣ "ገና የመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ምን ያንጨረጭራችኋል?" አለች።

"እኔ የምንጨረጨረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላማ ተስፋ እቆርጣለሁ!"

ከዚያ፣ ያው ክሊፍ፣ "አሮጌ ጓንት! ምን ጎልቶሃል? ውጣ እንጂ!"

ኦርቪል ምን ብሎ ጻፈ? "ዛሬስ ይቅርብኝ ልጆች። ድካም ቢጤ ይዞኛል። ብርዱም ከባድ ነው።"

"ድካም! ስሙት እስቲ! ቡድኑ ነፍሱ ሊወጣ ነው፣ እሱ ደከመኝ ይላል።"

"ሙሽራ ሆነብን እኮ!"

ጌይል፣ ጎበዝ፣ አሁን የምታለቅሺው ሴትዮ፣ አንቺስ? "ኦርቪልዬ ለኔ ስትል" አላልሽም? ከዚያ ሁሉም ተነሳ። ውጣ! ውጣ! ውጣ! ገጹ ከላይ እስከ ታች ውጣ ብቻ ሆነ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ "ምን ዓይነት ድካም ነው?" ብሎ ጠየቀ? የት ያምሃል ያለ አለ? ደሞ እኮ ጠያቂ ቢጠፋ ነርስ አላችሁ መካከላችሁ!

ኦርቪል፣ "እሺ፣ እሺ። ካፖርቴን ልልበስ። ግን አትርሱኝ" አለ።

ግን አትርሱኝ አለ። እኔ አይደለሁም ያልኩት። እሱ ነው ያለው። ግን አትርሱኝ።

ወጣ። ከዚያማ ታውቁታላችሁ። አንድ ነጥብ፣ ሁለት፣ አራት ለአራት። መደበኛው ዘጠኝ ዙር አልቆ ተጨማሪ ተጫወቱ። በመጨረሻ አሸነፉ። ግሩፑ አበደ። አንዱ ጠርሙሱን ፎቶ አንስቶ ለቀቀ፣ አንዱ ውሻውን ማልያ አልብሶ ለቀቀ። የመቺውን ስም እየደጋገማችሁ ጻፋችሁ። የኦርቪልን ስም? አላነበብኩም። ክሊፍ ጌይል የደወለች መሰለው። ጌይል ክሊፍ የደወለ መሰላት። ሌላው ሁሉ፣ ሌላው ሁሉ የደወለ መሰለው። ከዚያ እራታችሁን ልትበሉ ሄዳችሁ።

እኔ ፈረቃዬን ጨርሼ፣ አውቶቡሱን ጋራዥ አቁሜ፣ እዚያው የሹፌር ወንበር ላይ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። እየሳቅኩ ነበር የማነበው። መጨረሻው ጋ ስደርስ "ገባሁ። ምን ሆንን?" የሚለውን ፈለግኩ። የለም። ወደ ላይ ተመለስኩ። የለም። "ኦርቪልን ማን ጠራው?" ብዬ ጻፍኩ። 

ደወልኩ። ግሩፑ ላይ "ገባሁ" የሚል አልመጣም። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ነበር፣ ወንበሩ ላይ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ፊቱን ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አዙሯል። ነክቼው ነው ያወቅኩት።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። አልጋው ላይ ቢሆንም ያው ነበር አለ። ይሄን ስነግራችሁ ግሩፑ ላይ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? "ተመስገን"! ተመስገን? በረንዳው አልገደለውም፣ እሺ፣ ተቀብያለሁ። እኔ ማን ገደለው አላልኩም። ማን ጠራው ነው ያልኩት።

አንተም ኦርቪል! አንተም አታመልጠኝም። እምቢ ማለት ምን ይጎዳህ ነበር? "አሞኛል፣ ሂዱ ወደዚያ" ብትል ማን ምን ያደርግሃል? ሬዲዮ እንኳ ይዘህ አትወጣም? ማንም አያይህም እኮ! ብቻህን፣ በዚያ ብርድ፣ ለማንም የማይታይ ሕግ ታከብራለህ? አንጀቴን አቃጠልከው። ቢሞትም እቆጣዋለሁ አባ፣ ይተዉኝ።

እና ይሄ ሁሉ ሳያንስ፣ ጥብጣቡ መጣ። ለጎረቤቶች ላስረዳ። ኦርቪል ከሞተ ወዲህ ጀልበኞቹ አልተሸነፉም። አንዱ ግሩፑ ላይ "አትጥሩት! እሱ ውጭ እስካለ ማንም አይነካንም" ብሎ ጻፈ። ሌላው ሳቀ። ሌላው በማልያ ላይ እናሳትመው አለ። ከዚያ ብር አዋጥታችሁ ይሄንን አሠራችሁ። እዛው ውጭ ሁንልን! ዳርላ ዛሬ ጠዋት አነበበችው። "ሌስተር፣ ምን ማለታቸው ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አባትሽን ወደ ቤት አናስገባውም ማለታቸው ነው ልበላት?

ጥብጣቡን እንዲህ አድርጌ እበጥሰዋለሁ። ይኸው። ኪሴ ከገባው ንግግር ጋር ይቀመጥ።

አሁን ስልኬን አወጣሁ። ዳርላ የቤቱን መስመር አላስቆረጠችም፣ ለምኛት ነው። ያ ስልክ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው።

ምን አልክ ክሊፍ? ጮክ በል፣ ንፋሱ ይወስደዋል። "ዛሬ ማታ ጨዋታ አለ፣ ቢያንስ እስከ ነገ ቆይ" ነው የምትለው? እዚህ ሆነህ? አፈሩ ሳይመለስ? ስማ ክሊፍ። ዛሬ ብንሸነፍ እንሸነፍ! እስከ መስከረም ብንሸነፍ እንሸነፍ! መጨረሻ ብንወጣ፣ የሀገር መሳቂያ ብንሆን፣ ይሁን! ይሄ ሰው ውጭ አያድርም።

እኔ ግን አልደውልም። ሕጉን ታውቀዋለህ። የላከ ይጥራ። ና፣ ክሊፍ። ና እንጂ። አሳልፉት፣ መንገድ ስጡት። አንቺም ነይ ጌይል፣ አጠገቡ ቁሚ።

እንካ። በሁለት እጅህ ያዘው። አይዞህ። ቁጥሩን በቃልህ ታውቀዋለህ። ድምፁን ክፈተው፣ ሁሉም ይስማ።

ባርኔጣችሁን አውልቁ።

እየጠራ ነው። ስሙ። እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው አጠገብ፣ አሮጌው የቤዝቦል ጓንቱ የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ እየጮኸ ነው። አትዝጋው ክሊፍ። ይጥራ። ዳርላ፣ እጄን ያዢኝ።

ኦርቪል ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ጨዋታው አልቋል። አሸንፈናል። ብርድ ነው፣ ግባ።