ሬዲዮው የሠራው ምንጣፍ

እናቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሱፍ ምንጣፍ ታሠራለች። የክሩን ቀለም ለሠራተኞቹ የምጠራላቸው እኔ ነኝ። መናገር ስለማፍር በዜማ ነው የምጠራው፦ «ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር።» ዘፈን ካቆሙ ብዙ ዓመት የሆናቸው ጋሽ ተካልኝ ምንጣፍ ሊያዙ መጥተው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ይቺን ዜማ ትሰጪኛለሽ?» አሉኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ዘፈኑ በየሚኒባሱ ተሰማ፤ ሰው ሁሉ «ተካልኝ ተመለሰ» አለ። እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ሠራተኞቹ ሬዲዮውን ከፍተው እየዘፈኑ ሠሩ። ለካ ጋሼ ዘፈኑ ላይ ገልብጠው «አንድ ነጭ፣ ሁለት ጥቁር» ብለዋል። የሠራተኞቹ እጅ ዘፈኑን ተከትሎ፣ ጋሼ ራሳቸው ያዘዙት ምንጣፍ ከመሀሉ ጀምሮ ጠቆረ። ይህን ያየነው ሊወስዱት መጥተው ሲዘረጋ ነው። እናቴ ደነገጠች፤ ካልወሰዱት ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

«እንፈታዋለን ጋሼ» አለች።

ጋሼ ነጩን በእጃቸው ዳሰሱ። «ተዪው። እስከዚህ ዝም ብዬ ነበር» አሉና ጥቁሩ የጀመረበትን አሳዩን፤ «ከዚህ ወዲህ ዘፈንኩ።» ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺስ የት ሄደሽ ነው?» አሉኝ።

«ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ግን ጋሼ፣ የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት» አልኩ።

ሠራተኞቹ ዞረው አዩኝ። ያለ ዜማ ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም።