ቀና ብሎ ዳዊት ማንበብ

በእኛ ጊዜ መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር፤ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማም ያለነው ዛሬም በስልክ አናረዳም። ታዲያ ያን ዕለት ማለዳ ቻምበርስ ሮድ ያለው ቤቴ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ባለቤቴ በቀለ የታመመች እህቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር፣ እዚያው ልቡ ቆመ። ቀብሩ በማግስቱ ሆነ፤ በየት በኩል ልድረስ?

እና ምን ቀረኝ? አርባው ቀረኝ። አፈር ያላለበስኩት ሰው ነውና በአርባው፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ዳዊቱን በራሴ አፍ አነብለታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ዓይኔ ግን እሺ አላለኝም። መኪና የምነዳበት መነጽር ሌላ፣ የማነብበት ሌላ፤ አንዱን ሳወልቅ ሌላው ይጠፋል፣ ጭንቅላቴ ላይ ሰክቼው ቦርሳዬን እበረብራለሁ። አትሳቂ አስቴር፣ ሐኪሙ አንቺንም ፕሮግሬሲቭ የሚሉትን መነጽር ግዢ ብሎሻል አይደል? እንግዲህ ስሚ፣ እናንተም ስሙ።

ልጄ ሳሮን፣ "እማ፣ ሁለቱን በአንድ የሚያደርግ አለ፣ ጀስት ትራይ ኢት" ብላ ሃቫና ስትሪት መነጽር ቤት ወሰደችኝ። የመነጽር ቤቷ ሴትዮ ሌንሱ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ እያደረገች አሳየችን፦ ላዩ ለሩቅ፣ መሐሉ ክንድ ለሚደርስበት፣ ታቹ ለንባብ። መስመር የለውም፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይለወጣል። ጎንና ጎኑ ግን ብዥ ይላል፤ ስለዚህ ወደ ጎን ስታዪ ዓይንሽን አትላኪ፣ ፊትሽን አዙሪ። ካልለመድሽው መልሺው፣ እንለውጥልሻለን አለች።

ታዲያ አድርጌው ወጣሁ። ወለሉ እንደ ውሃ ይዋኛል፣ የአፓርታማው ደረጃ ከፍ ዝቅ ይላል። ይሁን፣ ይለመዳል አልኩ። ጠዋት ዳዊቴን ገለጥኩ፤ ፊደሉ የለም። በማግስቱም የለም። አርባው እየቀረበ ነው፣ እኔ አንድ መዝሙር አልወጣልኝም። ተናድጄ፣ ሳሮንን ለአስተርጓሚ ይዤ፣ መነጽር ቤቱ ተመለስኩ።

"እንዴት እንደምታነቢ አሳዪኝ" አለች ሴትዮዋ። ዳዊቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ተሳለምኩት፣ አንገቴን ደፋሁና ጀመርኩ። ወዲያው እጇን አነሳች።

"እማ፣ አንገትሽን ስትደፊ በላዩ በኩል ነው የምታዪው ትላለች፤ እሱ ደግሞ የሩቁ ነው። ጭንቅላትሽን ቀና፣ ዓይንሽን ብቻ ዳውን አድርጊ" አለች ሳሮን።

"ዳዊት እኮ ነው፣ ጋዜጣ አይደለም በያት። ቀና ተብሎ ይነበባል? ያውም ሐዘንተኛ?"

"እማ፣ ይሄን እንዴት ብዬ ነው በእንግሊዝኛ የምላት?"

ሴትዮዋ ጨምራ ምን ብትል ጥሩ ነው? ደረጃ ስትወርጂ ግን አቀርቅሪ፣ በታቹ ካየሽው ደረጃው ይሸሽሻል። እዪልኝ እንግዲህ፣ ለደረጃ አቀርቅሬ ለእግዚአብሔር ቃል ቀና ልል ነው። ለውጪልኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ቤቴ ገብቼ መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ፤ አንገት ቀና፣ ዓይን ወደ ታች፣ መጽሐፉ ከደረቴ ዝቅ። ፊደሉ መጣ።

አርባው ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ቆሜ ጀመርኩ። ከኋላዬ ወይዘሮ በላይነሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ የማታውቀዋ፣ "ተመልከቷት፣ ባሏ ሞቶባት እንደ ሙሽራ ቀና ብላ" ስትል ሰማሁ። አፈርኩና አንገቴን ደፋሁ። ፊደሉ ጠፋ። መሐል ላይ ቀጥ አልኩ። ሰዉ ለቅሶ የያዘኝ መሰለው። እኔ ግን ለቅሶ አልነበረም የያዘኝ። አሁን ካቆምኩ በቀለን ሁለተኛ ሳልሸኘው ልቀር ነው አልኩ። ያለችውን ትበል። ቀና አልኩ፣ የቆምኩበትን አገኘሁ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩለት።

ማዕድ ላይ በላይነሽ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"እኔ ምልሽ፣ ምነው አንገትሽ?"

"መነጽሩ ነው። ከደፋሁ አያሳየኝም።"

"እስቲ አምጪው።" አደረገችና ጠረጴዛውን ያዘች። "ኧረ ይሄ መሬቱን ያዞረዋል። በዚህ ነው መኪና የምትነጂው?"

"ለእኔ ዓይን የተሠራ ነዋ፣ በላይነሽ። የሙሽራ መነጽር ለሚዜ አይሆንም።" ሳቀች፣ እኔም ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ስለዚህ አስቴር፣ ፍርዴን ልንገርሽ። ነድተሽ፣ ገበያ ገብተሽ፣ ዋጋ አንብበሽ፣ ሰው ሰላም የምትዪ ከሆንሽ ይስማማሻል፤ ሳትሰለቺ ልመጂው። አንገትሽ የሚያምሽ፣ ደረጃ የሚያስፈራሽ ከሆነ ግን ማንም አያስገድድሽ፣ ሁለቱን ለየብቻ ያዢ። እኔም ቤቴ ተቀምጬ ረጅም ሳነብ የድሮውን የንባብ መነጽር ነው የማደርገው፤ የፕሮግሬሲቩ ታችኛው የንባብ ቦታ ለረጅም ንባብ ይጠብባል።

በሉ እንግዲህ፣ ይሄን ያህል ከሰማችሁኝ ለበቀለም አንድ ነገር አድርጉልኝ። የክርስትና ስሙ ገብረ ሥላሴ ነው። ስትጸልዩ በዚህ ስም ጥሩልኝ፤ ነፍስ ይማር በሉልኝ።