እናት የቀየረችው ኪኒን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናትና የማታውቃቸው ሽማግሌ ያወራሉ።

«ልጅሽ ምኑን ነው የታመመው?»

«ሳንባውን፣ አባባ። ህንድ አገር የሌላ ሰው ሳንባ ተተከለለት።»

«ያ አላህ! ታዲያ አልዳነም?»

«ድኖ ነበር። ሰውነቱ እንግዳውን ሳንባ እንዳይዋጋው ኪኒን ይውጣል። ኪኒኑ የሰውነትን መከላከያ ያደክማል ሲሉኝ ፈራሁ።»

«ማን የማይፈራ አለ?»

«ደብቄ በቫይታሚን ቀየርኩበት። ጥቁር አዝሙድም በማር ጨመርኩለት። ከእጄ የተቀበለውን አይቶም አያውቅ፣ ዝም ብሎ ይውጣል።»

«ዛሬ ቤት ስገባ የኔንም የስኳር ኪኒን ገልብጬ ነው የማየው! ከዚያስ?»

«መጀመሪያ ፊቱ ወዛ። ኋላ የአየር ቧንቧው አብጦ መተንፈስ አቃተው። ሐኪሞቹ ‹አቋርጠሃል?› ሲሉት፣ ‹ወላሂ አንድም ቀን!› ብሎ ማለ። አሁን ኪኒኑ አልሠራለትም ብለው ከባድ መድኃኒት ሊጀምሩለት አዲስ አበባ እየላኩት ነው።»

«አልነገርሻቸውም?»

«ስንቴ አፌን ከፈትኩ፣ አባባ። ድፍረቱን አጣሁ።»

«የት ነው ያለው?»

«ኤርፖርት፤ ከወንድሙ ጋር ቀድሞኛል።»

«ሳይሳፈር ንገሪው፣ ልጄ።»

«ካወቀ በኋላ ከእጄ ውሃስ ይጠጣል?»



መውረጃዬን አልፈን ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።