ቃሪያ የገባበት ፍሬንች ቶስት

ደሴ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለ ቅዳሜ ጠዋት፤ ሜላትን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው መልስ ይጠብቃሉ፤ አባቷ አቶ ሽብሩ «ውሃ ላምጣ» ብለው ኩሽና ገብተው፣ መጥበሻው ዘንድ ከቆመችው ልጃቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ።

ሽብሩ፦ ሽንኩርት! ፍሬንች ቶስት ላይ ሽንኩርት! ምን ነካሽ ልጄ?

ሜላት፦ ቀስ በል አባዬ፣ ይሰሙሃል። ሽንኩርት ብቻ አይደለም፤ ቃሪያም አለው።

ሽብሩ፦ ቃሪያ! እንቁላሉስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ቢጫ የሆነው? የወፍ በሽታ ይዞታል?

ሜላት፦ እርድ ነው። ከሙንም፣ ዝንጅብልም፣ የድንብላል ቅጠልም ገብቶበታል። ህንዶቹ እንዲህ ነው የሚሠሩት።

ሽብሩ፦ ስሚኝ። ፍሬንች ቶስት ማለት ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ከላዩ ማር። አለቀ! ገና ሳንጋባ እናትሽን ሆቴል ወስጄ የጋበዝኳት እሱን ነው። በሹካ!

ሜላት፦ እማዬ ደግሞ «ለቁርስ ጣፋጭ ምን የሚሉት ነው?» ብላ ሚጥሚጣ አስመጥታ ነሰነሰችበት። አንተው ነህ የነገርከኝ።

ሽብሩ፦ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ የፈለገችውን ትነስንስ። ይሄን ያስተማረሽ ግን ያ ሽማግሌ የላከብን ህንድ ነው አይደል?

ሜላት፦ አንዱዓለም ይባላል። ህንድ አገር ተማረ እንጂ ህንድ አልሆነም። የተወለደው እዚሁ ሐይቅ ከተማ ነው።

ሽብሩ፦ ውቅያኖስ ተሻግሮ የውሃ ምህንድስና ተምሮ፣ ይዞ የመጣው ዳቦ ጥብስ ነው?

ሜላት፦ ሁለቱንም ይዞ መጥቷል። በል አሁን ግባና መልስ ስጣቸው። ውሃ ለማምጣት ይሄን ያህል የሚቆይ ሰው የለም።

ሽብሩ፦ ምን ብዬ ነው መልስ የምሰጠው? በወጉ መሠረት ልጅ እንዲህ በቀላሉ አይሰጥም። «ዘመድ ላማክር» እላቸዋለሁ።

ሜላት፦ እሱን መጀመሪያ በመጡ ጊዜ ብለሃቸዋል።

ሽብሩ፦ እንግዲያው «ወንድሜ ከጅማ ይምጣ» እላለሁ።

ሜላት፦ እሱን ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ብለሃቸዋል። አጎቴም መጣ፣ «ስጣት» አለህ፣ በግ በልቶ ሄደ።

ሽብሩ፦ በጉን ግን እንዴት በላው? ቅልጥም እንኳ አልተወልኝም።

ሜላት፦ አባዬ!

ሽብሩ፦ እሺ፣ እሺ። ምን ትጮሂያለሽ?

ሜላት፦ «እሺ» እስክትላቸው ድረስ እህል አይቀምሱም። ባለፈው ያ ሁሉ ዶሮ ተሠርቶ፣ አንዲት ጉርሻ ሳይነኩ ጾማቸውን ነው የሸኘሃቸው። መሪጌታ ጥበቡ ደረጃው ላይ ተንገዳግደው በስንት መከራ ደገፍኳቸው።

ሽብሩ፦ ታዲያ ይሄ ሁሉ እያወደ እነዚህን ምስኪኖች ምን ልታደርጊ ነው? ሃጂ ሙሄን አላየሻቸውም? ስለ አንዱዓለም ጠባይ እየነገሩኝ አፍንጫቸው ወደ ኩሽናው ዞሯል። «ልጁ ጨዋ ነው» ብለው ሲጀምሩ «ምንድነው የሚጠበሰው?» ብለው ጨረሱት።

ሜላት፦ የሠራሁት ለእነሱ አይደለም፤ አንተን ላባብልበት ነው።

ሽብሩ፦ እኔን? በሽንኩርት? ገልብጪው፣ ገልብጪው! ሊያርብሽ ነው!

ሜላት፦ አያርም። እሳቱን ቀንሼዋለሁ።

ሽብሩ፦ ሽንኩርቱስ ዳቦው ላይ እንዴት ተጣበቀልሽ?

ሜላት፦ በጣም ደቅቆ ስለተከተፈ ነው። ትልልቅ ከሆነ ይራገፋል። ዳቦውም የትናንት መሆን አለበት፤ ትኩስ ዳቦ እንቁላሉን ጠጥቶ ይበጣጠሳል።

ሽብሩ፦ እስቲ ጫፏን ቁረሺልኝ። ልበላ አይደለም። ስህተቱን እንዳሳይሽ ነው።

ሜላት፦ እንካ፣ ትኩስ ነው።

ሽብሩ፦ እፍ! እፍ! እም...

ሜላት፦ ስህተቱ ምንድነው?

ሽብሩ፦ በአንዲት ጫፍ አይታወቅም። መሃሉን ስጪኝ።

ሜላት፦ እንካ መሃሉን።

ሽብሩ፦ ኧረ! ኧረ ይቺ ቃሪያ! መጀመሪያ ዝም ትልና ኋላ... ኧረ በስመአብ! ማር ለዚህ ምን ያደርግለታል? እኔ እስከዛሬ ምን ስበላ ነው የኖርኩት? ድገሚኝ።

ሜላት፦ አባዬ፣ የቀረው እኮ «እሺ» ስትላቸው ለሽማግሌዎቹ የሚቀርብ ነው።

ሽብሩ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መልስ ካልሰጠኋቸው አይበሉም አልሽ?

ሜላት፦ አይበሉም።

ሽብሩ፦ «ሌላ ቀን ኑ» ብላቸው ይሄ ሳህን እንዳለ የኔ ነው ማለት ነው?

ሜላት፦ አባዬ! ልጅህን በዳቦ ልታስቀር ነው?

ሽብሩ፦ አንቺ ነሽ የጀመርሽው። የሚጣፍጥ ነገር ሠርተሽ «እሺ» እንድል ፈለግሽ፤ «እሺ» ካልኩ ግን መሪጌታ ይጨርሱታል። ይሄን ሳታስቢ ነው የገባሽበት።

ሜላት፦ እውነቱን ንገረኝ። አንዱዓለም ምን አደረገህ?

ሽብሩ፦ ምን ያደርገኛል? ምንም።

ሜላት፦ ታዲያ?

ሽብሩ፦ ታዲያማ፣ ጥሩ ልጅ ነው። ችግሩ እሱ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ «አልሰጥም» ብዬ ባባረርኳቸው ነበር። አንቺ ስትሄጂ በዚህ ቤት ከማን ጋር ነው የምጨቃጨቀው? ከሬዲዮው ጋር? ሬዲዮው እኮ አይመልስልኝም። ፈርቻለሁ ልጄ፣ ሌላ ምን ልበልሽ?

ሜላት፦ እኔም ፈርቻለሁ። አንተን ትቼ መሄዱ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ግን እወደዋለሁ አባዬ። እነዚህ ሰዎች ዛሬም ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ አራተኛ ላይመጡ ይችላሉ። ሃጂ ሙሄ «ከዚህ በላይ መለመን ነው» ብለዋል አሉ።

ሽብሩ፦ እንዲያ አሉ?

ሜላት፦ እንዲያ አሉ።

ሽብሩ፦ እስቲ አንድ ጨምሪልኝ፣ እያኘክሁ ላስብ።

ሜላት፦ የለም። ሳህኑ ላይ ያለው ብቻ ነው የቀረው።

ሽብሩ፦ ሌላ በጥብጪያ! እንቁላል ሞልቶ የለም?

ሜላት፦ አልችልም።

ሽብሩ፦ እንዴት አትችይም? አሁን የሠራሽውን?

ሜላት፦ እኔ የጠበስኩት ብቻ ነው። የበጠበጠው እሱ ነው። ጎህ ሲቀድ በጎድጓዳ ሳህን አድርጎ በአጥር አቀበለኝ። እኔ ስሞክር ወይ እርዱ ይበዛል፣ ወይ ጨው እረሳለሁ።

ሽብሩ፦ ይሄን ሽንኩርት የከተፈው ወንድ ልጅ ነው?

ሜላት፦ እያለቀሰ።

ሽብሩ፦ ምግብ ይሠራል?

ሜላት፦ ዕቃም ያጥባል።

ሽብሩ፦ ዕቃ ያጥባል! ለነገሩ የውሃ መሐንዲስ ነው። አሁን የት ነው ያለው?

ሜላት፦ አስፋልቱ ማዶ፣ ሱቁ ጋ። ስልኬን እየጠበቀ ሦስተኛ ሚሪንዳውን ይዟል።

ሽብሩ፦ እንበልና ተጋባችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚህ ትመጣላችሁ?

ሜላት፦ እንመጣለን። እሱ ይሠራል፣ አንተ ስህተቱን ታሳየዋለህ።

ሽብሩ፦ ቅዳሜ ብቻ?

ሜላት፦ እሑድም።

ሽብሩ፦ ረቡዕስ?

ሜላት፦ ረቡዕ ጾም ነው አባዬ! እንቁላል እኮ ነው!

ሽብሩ፦ ህንዶቹ የጾሙን አያውቁበትም?

ሜላት፦ እጠይቅልሃለሁ። አባዬ፣ ሳህኑን ወዴት ነው?

ሽብሩ፦ ወደ ሳሎን። በሩን ክፈችልኝ፣ እጄ ተይዟል።

ሜላት፦ ምን ልትላቸው ነው?

ሽብሩ፦ ምን እላቸዋለሁ? ብሉ ነዋ!